ለቸርችል ዳገት የትኛው ሳይክል ይሻላል?

ሳይክል ለሥራ መመላለሻ መግዛት ፈልጋችሁ የጻፋችሁልኝ በርከት ብላችኋል። ሁሉንም ለመመለስ ቦታው አይበቃም። አንዱን ሰፋ አድርጌ፣ ሌሎቹን አጠር አጠር አድርጌ እመልሳለሁ። ሳሪስ ከሚገኘው የሳይክል መጠገኛ ቤቴ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱ ላይ የግራሶ ምልክት ካያችሁ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ጎፋ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ፒያሳ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋትም ማታም የታክሲ ሰልፍ ሰለቸኝና ሳይክል ለመግዛት ቆርጫለሁ። መርካቶ ሄጄ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ነው። ሁለተኛው ኮርሳ (ባለ ቀጭን ጎማው የውድድር ሳይክል) ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም በጣም ያምራል። ሦስተኛው ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ነው። እሱም ባለ 21 ማርሽ ነው፤ ቀለሙ ግን ደስ አይልም። ሻጩ የመጀመሪያውን ውሰድ ይለኛል። ጓደኞቼ ኮርሳውን ይላሉ። የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሸሚዝ ነው የምለብሰው። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ልጄ፣ ቀለሙ ደስ የማይለውን ግዛ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ከጎፋ እስከ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ያን ያህል አያስቸግርህም። ፈተናህ የሚጀምረው ብሔራዊ ቴአትርን አልፈህ ቸርችል ጎዳና ስትገባ ነው። ያ መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ከታች ሆነው ሲያዩት ዳገት አይመስልም። በታክሲ ስትወጣው የኖርክ ሰው ደግሞ ጭራሽ አስተውለኸው አታውቅም። ፖስታ ቤቱን አልፈህ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትጠጋ እግርህ ራሱ ይነግርሃል። ከዚያ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ያለችው ደግሞ የባሰች ናት። እንግዲህ ሳይክል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት በመንገዱ ላይ ያለውን ክፉ ዳገት ነው። ሜዳውንማ ማንኛውም ሳይክል ይሄደዋል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሆነህ ጥርስ ቁጠር። አትፈር፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ፔዳሉ ጋ ካሉት ባለ ጥርስ ክቦች የትንሹን፣ ከኋላ ካሉት ደግሞ የትልቁን ጥርስ ነው የምትቆጥረው። ዳገት ላይ የሚያወጡህ ሁለቱ ናቸው። በብዙዎቹ ባለ 21 ማርሽ ሳይክሎች ላይ የፊቱ ትንሹ 24 ወይም 28 ጥርስ አለው። የኋላው ትልቁ ደግሞ 28 ነው። 28 ለ28 ከሆነ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል። በባለ 26 ጎማ ሁለት ሜትር ያህል ትሄዳለህ ማለት ነው። አሮጌ ኮርሳ ላይ ግን የፊቱ ትንሹ ብዙ ጊዜ 42 ነው፣ የኋላው ትልቁ 24 አካባቢ። በአንድ ዙር 3 ሜትር ከ70 ገደማ ይወስድሃል። ሜዳ ላይ ይሄ ድሎት ነው። ቸርችል ላይ ግን ለእያንዳንዷ ዙር እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ትከፍላለህ። ቆመህ ትረግጣለህ፣ ታለከልካለህ፣ ቢሮ ስትደርስ ሸሚዝህ ከጀርባህ ጋር ተጣብቋል። ጓደኞችህ ኮርሳ ግዛ ሲሉህ ፒያሳ ድረስ የሚነዱልህ እነሱ አይደሉም።

ኮርሳ አልጠላም። እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ የምወደው ኮርሳ ነው። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወደ ደብረ ዘይት የሚነዱት ልጆች ሲያልፉ ሥራዬን ትቼ ነው የማያቸው። ለሸሚዝ ለባሽ ግን አይሆንም። ጎማው ቀጭን ነው። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ላይ ሽንቁሩ በመንገዱ አቅጣጫ ከሆነ ጎማው ጥልቅ ይላል፤ አንተ በመሪው ላይ ተሻግረህ ትወድቃለህ።

አሁን ሻጩ ውሰድ ወደሚልህ እንምጣ። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ሳይክል ዓይን ይማርካል፣ ሞተር ብስክሌት ይመስላል። ደህናው ዓይነት በውድ ዋጋ የሚሸጥ ነው፣ ለተራራ የተሠራ። በርካሽ የምታገኘው ግን ከባድ ብረትና ተራ ሞላ ነው። ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር የኋላው ሞላ ቁጭ ብድግ ይላል። ጎማውን ማዞር የነበረበት ጉልበትህ ሞላውን ሲጫን ይውላል። ዳገት ላይ ፍራሽ ላይ እንደመሮጥ ነው። ደግሞ ጥቂት ወር ስትነዳው የኋላው መጋጠሚያ መንቋቋት ይጀምራል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሳይክሎች ጠግኜ ልቤ የማይረካው እንደዚህ ያለውን ነው። ዛሬ አጥብቄው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

የፊቱ ሞላ ግን አይጎዳህም። ካለ አለ፣ ከሌለም አትፈልገው።

ገና ልትገዛ ስትሄድ ትንሽ ማግኔት ኪስህ ውስጥ ያዝ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ብትሆን ይበቃል። ቸርኬው ላይ አስጠጋት። ከያዘች ቸርኬው ብረት ነው፣ ካልያዘች አሉሚኒየም። ይህችን ነገር ቀላል አድርገህ አትያት። ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይይዝም ማለት ይቻላል። ጠዋት ዳገት የነበረው ቸርችል ማታ ቁልቁለት ነው። ነሐሴ ላይ ከሥራ ስትወጣ ዝናቡ መንገዱን አጥቦታል፣ ከፊትህ ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ድንገት ጥግ ይይዛል። እዚያ ላይ ቆመህ ስለ ቀለም አታስብም። አሉሚኒየም ቸርኬ ይሁን፤ በዝናብ ደግሞ ቀደም ብለህ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግክ ውሃውን ጥረግ።

ዲስክ ፍሬን ያለው ካገኘህ ለዝናብ ይሻላል። በሽቦ የሚሠራውን ምረጥ። በዘይት የሚሠራው ሲይዝ የሚወዳደረው የለም፤ አየር ሲገባበት ግን የሚያስወጣልህ ሰው ጎፋ ውስጥ ታገኛለህ ወይ? ሽቦ ከተበጠሰ የትም ሰፈር ይቀየራል።

ስለ ጎማ። የማውንቴን ጎማ ጉብጉብ አለው፣ አስፋልት ላይ እየጮኸ ይጎትትሃል። ሳይክሉን ስትገዛ ወይም የመጀመሪያው ሲያልቅ፣ ለዚያው ቸርኬ የሚሆን ለስለስ ያለ ጎማ አስገባበት። ወርዱ ከ1.5 እስከ 1.75 ኢንች ያለው ጥሩ ነው። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታየዋለህ። የንፋስ መሙያ አፉን ደግሞ እይ። እንደ መኪና ወፍራም የሆነው ዓይነት ይሁን። ቀጭኑና ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው የኮርሳ አፍ ማገናኛ ካልያዝክ ጎሚስታ ቤት አይነፋልህም።

ጎሚስታ ካልኩ አይቀር ይህችን ልጨምር። የመኪና ጎማ ሲነፋ የሚውል ልጅ እጁ የለመደው የመኪናውን ነው። የሳይክል የውስጥ ጎማ የምትይዘው አየር ትንሽ ስለሆነች በኮምፕሬሰሩ ዓይንህን ሳትከድን ትሞላለች፤ አልፎ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል። ድንጋጤው ራሱ አንድ ነገር ነው። ጎማው ጎን ላይ ስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እንደሚይዝ ተጽፏል። አንብበህ ንገረው፤ "ቶሎ ቶሎ እየነካህ አቁም" በለው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእጅ ፓምፕ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ልክ። በኮርቻውና በመሪው መሃል ያለውን የላይኛውን ብረት በእግሮችህ መሃል አድርገህ መሬት ላይ ቁም። ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ከሌለ ሳይክሉ ትልቅ ነው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ተቀመጥና ፔዳሉን እስከ ታች አውርደህ ተረከዝህን አስቀምጥበት። ጉልበትህ ቀጥ ማለት አለበት። እኛ አገር ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ዘርግቶ መቀመጥ ይወዳል። መተማመኛ ይሰጣል፤ ግን በወሩ "ጉልበቴን አመመኝ" ብሎ ሳይክሉን ይከስሳል።

ሸሚዝህን በተመለከተ፦ ፓራፋንጎ ከፊትም ከኋላም ይኑረው። ሻጮች "ፋሽን አይደለም" ብለው ፈተው ይሸጣሉ። ሐምሌ ላይ ያለ ፓራፋንጎ የሄደ ሰው ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ድረስ በጭቃ መስመር ተሰምሮ ነው ቢሮ የሚገባው። ከኋላ የዕቃ መጫኛ አስገጥም። ቦርሳ ጀርባ ላይ ከተሸከምክ ጀርባህ ያልባል፤ መጫኛው ላይ ካሰርከው አያልብህም። በቲሸርት ንዳ፣ ሸሚዙን አጥፈህ በላስቲክ ያዝ፣ ቢሮ ስትደርስ ታጥበህ ቀይር። ለፎጣ አትሰስት።

አንድ ነገር ግን ከግዢው በፊት ጨርስ። መሥሪያ ቤትህ በር ላይ ያለውን ጥበቃ አነጋግር። ሳይክሉ የት ነው የሚውለው? ግቢ ውስጥ? ደረጃ ሥር? ወይስ "አለቃ ካልፈቀደ አይገባም" ሊልህ ነው? ቦታ ሳያገኙ ገዝተው ሳይክሉ ቤት የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ጥበቃውን ሻይ ጋብዘው፣ ስሙን እወቅ፣ ከየትኛውም ቁልፍ ይበልጥ ይጠቅምሃል። ቁልፉም ግን ይገዛ። ቀጭኗን የሽቦ ቁልፍ በፒንሳ ይቆርጧታል። ወፍራም ሰንሰለት ይሁን፤ ስታስር ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ብረት ከማይነቀል ነገር ጋር እሰር።

ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት መንገዶች ዳር የሳይክል መስመር አለ። ደስ ይላል፣ ተጠቀምበት። ብቻ መስመሩ ላይ እግረኛ አለ፣ ስልኩን እያየ የሚሄድ አለ፣ ልጅ አለ። ደወል ይኑርህ፣ ፍጥነትም ቀንስ። መስመሩ በሌለበት ደግሞ የቆሙ ሚኒባሶችን ተጠግተህ አትለፍ፤ በሩ ከመቼው እንደሚከፈት አታውቅም። የፊት ነጭ፣ የኋላ ቀይ መብራትና ሄልሜት ያለ ክርክር የሚገዙ ናቸው። ለሳይክል ካዘጋጀኸው ገንዘብ አምስት እጅ አድርገህ አንዱን ለነዚህ ዕቃዎች አስቀር።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፤ የመምሪያ ኃላፊ ነኝ። ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ ስላለኝ በሳይክል ሥራ መሄድ አሰብኩ። ባለቤቴ ሰምታ ሳቀች። "የበታች ሠራተኞችህ ምን ይሉሃል?" አለችኝ። የሚያስከብር ዓይነት ሳይክል አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለ። ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ መሪው ከፍ ያለ፣ ኮርቻው ሰፋ ያለ፣ ሰንሰለቱ መከለያ ያለው ጥቁር ሳይክል ይፈልጉ። አጎንብሰው ሳይሆን ቀና ብለው፣ ለሰው ሰላምታ እየሰጡ ይሄዳሉ። ሱሪዎም በሰንሰለት አይያዝም። በሠራተኞችዎ በኩል የሚሆነውን ልንገርዎ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ያወራሉ። በሁለተኛው ሳምንት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሆነው ስለ እርስዎ በሌላ ቋንቋ ያወራሉ። ለሐኪሙ ግን መጀመሪያ የሳይክሉን ነገር ይንገሩት፤ ልብዎንና ግፊትዎን አይቶ ዳገት ይፈቀድ አይፈቀድ ይበልዎት። ለባለቤትዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ፣ ለእሳቸውም አንድ ይግዙላቸው።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር ነው የምጽፈው። መምህርት ነኝ። ከአባይ ማዶ ተነስቼ ድልድዩን ተሻግሬ ከተማ መሃል ያለ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ረጅም ቀሚስ ነው የማዘወትረው። ባለ ማርሽ ነው ወይስ ያለ ማርሽ የሚሻለኝ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ የአገሬ ልጅ ሆነሽ ይህን ትጠይቂኛለሽ? ያደግኩት እዚያው ባህር ዳር፣ ዘንባባው ሥር ሳይክል እየነዳሁ ነው። የባህር ዳር ሜዳ ማርሽ አያስፈልገውም። ያለ ማርሽ የሆነው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፣ ሰንሰለቱም ወፍራም ስለሆነ ዕድሜ አለው። የሐይቁ ንፋስ ከፊት ሲመጣ ትንሽ ያስቸግርሻል፣ ያኔ ቀስ ብለሽ መሄድ ነው።

ለቀሚስሽ የላይኛው ብረት ዝቅ ያለውን ግዢ፤ እግር ሳያነሱ የሚገባበትን። የሰንሰለት መከለያ ሙሉውን የሚሸፍን ይሁን። ሰው የሚረሳው የኋላውን ጎማ ነው። ቀሚስ ወይም ነጠላ የሚጠመጠመው እዚያ ሽቦዎቹ ውስጥ ነው። ድሮ በአሮጌ የሴት ሳይክል ላይ ከፓራፋንጎው እስከ ጎማው መሃል ድረስ መረብ ይሠራለት ነበር። ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ በጥቃቅኑ ቀዳዳ እያስበሳሽ በጠንካራ ሲባጎ ማሠራት ትችያለሽ፤ ማንም ሳይክል ሠሪ ያውቀዋል። ነጠላሽን ግን ጫፉን ቋጥረሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለገና ወደ አዲስ አበባ እመጣለሁ። ወንድሜ ከአያት መገናኛ ነው የሚመላለሰው። የኤሌክትሪክ ሳይክል በሻንጣ ይዤለት ብመጣስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ የተባረከ ነው፤ ባትሪው ግን አውሮፕላን አይወጣም። በመንገደኞች አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣም ሆነ ከታች በሚጫነው አይፈቀድም። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፒር ሰዓቱ አባዢው። ለምሳሌ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት ከሆነ 360 ነው። የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ አብዛኛው ከ300 በላይ ነው። ባትሪ የሌለው የኤሌክትሪክ ሳይክል ደግሞ ከባድ ሳይክል ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከፈለገ እዚሁ ይግዛ፣ የሚጠግንለትም ሰው አብሮ ያገኛል። አንቺ የምትችይው ሌላ ነገር አለ። እዚህ ጥሩው የሚጠፋው ሳይክሉ ሳይሆን ዕቃው ነው። የዩ ቅርጽ ያለው ወፍራም ቁልፍ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞሉ የፊትና የኋላ መብራቶች፣ ልኩ የሆነ ሄልሜት፣ አንድ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ የጎማ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ ብዙ አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) በአንድ ላይ የያዘች ትንሽ መሣሪያ። መብራቶቹን በእጅ ሻንጣሽ ያዢያቸው። የጎማውን ቁጥር ከመግዛትሽ በፊት ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ 26 እና 27.5 አይዋዋሱም። የራሱን ጭንቅላት ዙሪያም በሜትር ለክቶ ይላክ።

ጥያቄ፦ አዲስ መግዛት አልቻልኩም። ያገለገለ ሳይክል ስገዛ ምን ምኑን ልይ? ደላላው "እንደ አዲስ ነው" ይለኛል።

መልስ፦ ደላላ እንዲህ ማለቱ ሥራው ነው። አንተ ደግሞ የአንተን ሥራ ሥራ።

ሳይክሉን ገልብጠህ በኮርቻውና በመሪው አቁመው። ጎማውን አሽከርክር፤ ቸርኬው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ያለውን ክፍተት እይ። ትንሽ ቢወላገድ ሽቦ በማጥበቅ ይስተካከላል። ብዙ ከሆነ ወይም አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ከመታ ቸርኬው ተመትቷል። ከዚያ የፔዳሉን ክንድ ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ቢንቀሳቀስ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ አልቋል፣ ዋጋ ቀንስበት። ዋናውን ብረት መሪው የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ከሥሩ፣ በጣትህ ዳብሰው። ቀለሙ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ካገኘኸው ሳይክሉ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል፤ ተወው። አዲስ ቀለም የተቀባ ሳይክል ደግሞ ያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ይታይ።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካው። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረህ 24 መጋጠሚያ ቁጠር። አዲስ ከሆነ 30.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 30.8 ከደረሰ ተለጥጧል፣ መቀየር አለበት። ጥርሶቹም ሾለው ወደ አንድ ጎን ከተጋደሙ ሰንሰለት ብቻ ቀይረህ አትገላገልም፤ አዲሱ ሰንሰለት እየዘለለ ያስቸግርሃል። ይህን ሁሉ ወጪ ደምረህ ነው መከራከር ያለብህ።

በመጨረሻ ዋናው ብረት ሥር፣ ፔዳሉ በሚዞርበት አካባቢ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ጭቃውን ጥረግና እይ። በመሮ ወይም በሞረድ ተፍቆ ካገኘኸው ሳይክሉ የሰው ነው። ቁጥሩ ካለ ከሻጩ መታወቂያ ጋር ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙ፣ አንድ ምስክርም ይኑር። "ምን አስፈለገ፣ እንተማመን የለ?" ካለህ ገንዘብህን ኪስህ መልስ።